በእጅጌዬ የወጣችው መስመር

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለእናቴ አልነገርሁም፤ ለቄሳችንም አልነገርሁም፤ ልጆቼም አያውቁም። ብዙ የምናገር ሰው አይደለሁም፤ ሰውም ዝምታዬን ጨዋነት ይለዋል። ጨዋነት አይደለም። ከሥሩ የተቀበረ ነገር አለ። ዛሬ አወጣዋለሁ፤ የምታነቡት ሰዎች እንድትፈርዱ ነው እንጂ እንድታዝኑልኝ አይደለም።

ከጎንደር ተነሥተን፣ በሱዳን አድርገን እስራኤል በገባን በሁለተኛው ዓመት ከእናቴ ጋር አፉላ ውስጥ አንዲት ክፍልና አንዲት ማድ ቤት ተሰጥቶን እንኖር ነበር። እኔ ጎንደር ከተማ ዘመድ ቤት ተቀምጬ ሁለተኛ ደረጃን ስለጨረስሁ እንግሊዝኛ አነባለሁ። ዕብራይስጡ ገና ያደናቅፈኝ ነበር። ያችው እንግሊዝኛ ከኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ ካለች አንዲት ትንሽ ማተሚያ ቤት ሥራ አስገኘችልኝ። ማተሚያ ቤቷ የብርቱካን ሣጥን ወረቀት፣ የሠርግ መጥሪያና የመሳሰለውን ታትም ነበር። ከዚያ በተጨማሪ አፉላ ባለችበት ሸለቆ ውስጥ ላለ አንድ ትንሽ የበረራ ክበብ የማረፊያ ካርታ ታትም ነበር።

የማረፊያ ካርታ ማለት ደመና ወይም ጉም መሬቱን ሲሸፍንበት አብራሪው እያነበበ የሚወርድበት አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ከየት ይምጣ፣ ምን ያህል ይውረድ፣ መሬቱ ካልታየው ወዴት ዞሮ ይውጣ፣ ሁሉም ተሥሎ ተጽፎበታል። ከሥዕሉ በላይ ደግሞ በደቃቅ ፊደል የማስታወሻ መስመሮች አሉ። በዚያ ወረቀት ለመውረድ አውሮፕላኑ የትኛው መሣሪያ ሊኖረው እንደሚገባ የሚናገሩት እነሱ ናቸው።

ሥራዬ ቀላል ነበር። ቀላል ስለነበረም ነው ሰበብ የሌለኝ። ጽሑፉ በረዥም ወረቀት ላይ ታትሞ ይመጣል። ማዛል የምትባል የሥራ ባልደረባዬ እያንዳንዷን መስመር በምላጭ ትቆርጥና፣ ጀርባዋን የቀለጠ ሰም ቀብታ፣ ከነጩ ገጽ ላይ በየቦታዋ ትለጥፋታለች። እኔ ዋናውን ጽሑፍ ከጎን አድርጌ፣ በእርሳስ ጫፍ እየተከተልሁ፣ አንድም ቃል እንዳልጎደለ አያለሁ። ከዚያ ገጹ በካሜራ ተነሥቶ ይታተማል። ሰሙ አንዳንዴ ይለቃል። ስለዚህ ነው ከካሜራው በፊት የመጨረሻ ዓይን የሚያስፈልገው። የመጨረሻዋ ዓይን እኔ ነበርሁ። ማዛል እንግሊዝኛ አታነብም፤ በቅርጽ ብቻ ነበር የምትለጥፈው።

ማዛል በልጅነቷ ከሞሮኮ የመጣች፣ ባሏ የሞተባት፣ ከእኔ ጥቂት የምትበልጥ ሴት ነበረች። ምላጭ አያያዝ ያስተማረችኝ እሷ ናት። የገበያውን ዕብራይስጥ ያስተማረችኝም እሷ ናት። «ዘውዲ» ትለኝ ነበር፤ ዘውዲቱ ማለት ረዝሞባት።

በዚያ ክረምት፣ ማለትም በእነሱ አገር ዝናብ ከብርድ ጋር በሚመጣበት ወቅት፣ ከበረራ ክበቡ ጊዲ የሚባል ወጣት አዲስ ካርታ ይዞ መጣ። መሬት ያልታየው አብራሪ ተመልሶ የሚወጣበት መንገድ ስለተለወጠ አንዲት አዲስ መስመር ተጨምራ ነበር። በእንግሊዝኛ «ኤ ዲ ኤፍ ያስፈልጋል» ትላለች። ምን ማለት እንደሆነ የጠየቅሁት እኔ ነኝ። ባልጠየቅሁ ኖሮ ዛሬ አላወቅሁም ነበር ለማለት ይቀለኝ ነበር።

«መሬት ላይ የሬዲዮ ጣቢያ አለ» አለኝ። «አውሮፕላኑ ውስጥ ደግሞ መርፌ ያለው መሣሪያ አለ። መርፌዋ ምንጊዜም ወደዚያ ጣቢያ ትጠቁማለች።»

«ለባሌ ይህች ነበረች የጎደለችው!» አለች ማዛል ከምላጯ ቀና ሳትል። «ከቡና ቤት ወደ ቤት የምትጠቁም መርፌ።»

ጊዲ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሳቁን ትቶ «አብራሪው ሲወርድ አያስፈልገውም» አለ። «ወርዶ ሜዳው ካልታየውና ወደ ደመናው ተመልሶ መውጣት ካለበት ግን፣ ተራራ ሳይነካ የት ሄዶ እንደሚጠብቅ የምታሳየው መርፌዋ ብቻ ናት። መርፌ የሌለው ሰው ገና ሳይነሣ ይህችን መስመር አንብቦ መቅረት አለበት። ለዚህ ነው የተጻፈችው።»

ገብቶኝ ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ። ገብቶኝ ነበር።

ገጹ ያለቀው ዓርብ ዕለት ነው። በእኛ በቤተ እስራኤላውያን ወግ ዓርብ ከቀትር በኋላ እጅ ወደ ሥራ አይሄድም። ልብስ ይታጠባል፤ ገላ ይታጠባል፤ እሳት ይጠፋል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰንበትን እንቀበላለን። የማተሚያ ቤቱ ሰዎች እስኪመሽ ይሠሩ ነበር፤ እኔን ግን ባለቤቱ ያኮቭ ቀትር ላይ ይለቀኝ ነበር። በዚያ ቀን ዝናብ ነበረ፤ አውቶቡስ እንዳያመልጠኝም ቸኩያለሁ። ማዛል የመጨረሻዋን መስመር ለጥፋ ገጹን ወደ እኔ ገፋችው። እኔ ገጹ ላይ ጎንበስ ብዬ ከወዲያ ማዶ የተሰቀለውን ሻርፔን አነሣሁ። ያን ጊዜ ይመስለኛል የሹራቤ እጅጌ ገጹን የጠረገው።

«አየሽው?» አለች ማዛል።

«አይቼዋለሁ» አልኋት።

አላየሁትም ነበር። እርሳሴን አላነሣሁም፤ ዋናውን ጽሑፍ ከጎኑ አላደረግሁም። ስንት ጊዜ አይቼ ምንም ጎድሎ አያውቅም ብዬ፣ ሳላይ አየሁ አልሁ። ማዛል ገጹን ይዛ ወደ ካሜራው ገባች። እኔ ወጣሁ።

ቤት ደርሼ ሹራቤን አውልቄ ምስማር ላይ ሰቀልሁት። ታጠብሁ፤ እናቴን አጠብሁ፤ ነጭ ለብሰን ሰንበትን ተቀበልን። እናቴ ከጸሎቷ ሳትነሣ፣ በመስኮቱ የቀረው ብርሃን ምስማሩ ላይ አርፎ ከእጅጌው ላይ ነጭ ነገር አየሁ። ክር መስሎኝ ተጠጋሁ። ቀጭን ቁራጭ ወረቀት ናት። በሰሟ ከሱፉ ጋር ተጣብቃለች። አነበብኋት።

ኤ ዲ ኤፍ ያስፈልጋል።

ግድግዳውን ያዝሁ። አልጮኽሁም፤ የመጮኽ ልማድ የለኝም። መጀመሪያ ያሰብሁት ምን ይመስላችኋል? በደመና ውስጥ ያለውን ሰው ነው? አይደለም። ያሰብሁት ሥራዬን ነው። ኢትዮጵያዊቷ ሳታይ አየሁ አለች ሲሉ ነው የታየኝ።

ሁለተኛ ያሰብሁት ደግሞ ይህ ነው፦ ነገ ሰንበት ናት። በሰንበት ማን ይበራል? ኡልፓን በሚሉት የቋንቋ ትምህርት ቤት መምህራችን የአገሩ ትልልቅ የመንገደኛ አውሮፕላኖች በሰንበት እንደማይበሩ ነግራን፣ እኛም እልል ብለን ነበር። መኪና በሰንበት ሲሄድ አይቼ ደንግጬ አውቃለሁ፤ እሱን የጥቂት ባለጌዎች ሥራ ነው ብዬ አልፌው ነበር። ሰማዩ ግን በዚህ አገር ሰንበትን ያከብራል ብዬ አምን ነበር። ስለዚህ ወረቀቶቹ እስከ እሑድ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣሉ፤ እሑድ ጠዋት ቀድሜ ሄጄ አስተካክላለሁ አልሁ። ሰንበት ገብታለች፤ ስልክ መንካት አይቻልም አልሁ።

በእኛ አቀባበል ሰንበት ገብታለች። ሰንበትን ሻባት በምትለው በማዛል ሰዓት ግን ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር። ከመንገዱ ጫፍ አሲሞን የሚባለውን ሳንቲም የሚበላ የሕዝብ ስልክ ነበረ። የያኮቭን ቁጥር በቃሌ አውቀዋለሁ። እናቴ ዓይኗን ጨፍና ትጸልይ ነበር፤ ብወጣ አታየኝም። ይህን ሁሉ በዚያ ሰዓት አውቅ ነበር። ሰንበትን ፈርቼ ነው ወይስ ያኮቭን? ራሴን ስንት ዓመት ጠየቅሁት። መልሱ ያኮቭ ነው።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ድምፁን ሰማሁ።

ደመናው ዝቅ ብሎ የቤቶቹን ጣሪያ ሊነካ ደርሶ ነበር። ከዚያ ደመና ውስጥ የትንሽ አውሮፕላን ሞተር ይሰማል። ወረደ። ቤታችንን እያንቀጠቀጠ አለፈና በኃይል እያጓራ ተመልሶ ወጣ። ወደ ተራራው ሄደ፤ ተመለሰ፤ ወደ ሌላ ጎን ሄደ፤ እንደገና ተመለሰ። መንገድ እንደጠፋው ሰው ነበር የሚዞረው። እኔ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሹራቡን አያለሁ። ወረቀቷ እዚያው ናት። በሰንበት አልነካትም ብዬ ትቻታለሁ።

«ይኸ ደግሞ በሰንበት ምን ያዞረዋል?» አለች እናቴ።

«እኔ ምን አውቄ» አልኋት።

እኔም ወደዚህ አገር የመጣሁት በአውሮፕላን ነው። እናቴን በጉልበቴ ላይ አስተኝቼ፣ በማላውቀው ሰማይ፣ ከማላውቀው አብራሪ ጋር መጣሁ። አንድ የማላውቀው ሰው የእኔን ወረቀት በትክክል ለጥፎ፣ ሌላ የማላውቀው ሰው በትክክል አይቶልኝ ነው መሬት የረገጥሁት። ይህ ሐሳብ የመጣብኝ ያን ጊዜ፣ ሞተሩ ከራሴ በላይ እየዞረ ነው። መጥቶብኝም አልተነሣሁም።

ከዚያ ድምፁ ቆመ። እየራቀ ሄዶ አይደለም። ቆመ።

ያን ጊዜ ሮጬ ብደውል ኖሮ ይድን ነበር? አላውቅም። አለመሮጤን ግን አውቃለሁ።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን ከደጅ ገብታ ነገረችን። ከድሮው ሐዲድ ማዶ፣ ከታረሰ ማሳ ላይ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ወድቃለች። ሰውየው ብቻውን ነበር፤ ሞቷል። ሴት ልጁ ከአፉላ አጠገብ ወታደር ናት፤ የሰንበት ዕረፍቷን ከእሷ ጋር ሊያሳልፍ ነበር የመጣው። ልጅቱ ከነመለዮዋ ሜዳው ዳር ቆማ የእሱን ድምፅ ትሰማ ነበር አለች ጎረቤታችን። እኔ እንደሰማሁት እሷም ሰምታዋለች። እኔ የማን ድምፅ እንደሆነ አላወቅሁም፤ እሷ ታውቅ ነበር።

እናቴ ደረቷን ይዛ አለቀሰች። እኔ አላለቀስሁም። ከአንገቴ በታች ያለው ገላ የሌላ ሰው ሆኖብኝ ነበር።

ሰንበት ወጣች። እሳት መለኮስ ተፈቀደ። ያን ምሽት የለኮስሁት የመጀመሪያው እሳት ያችን ወረቀት ያቃጠልሁበት ነው። ሰሟ ጠስ አለና አለቀች። ደጋግሜ እለዋለሁ፣ እንዳይጠፋብኝ፦ ሰንበትን ጠብቄ ቆየሁ፤ ሰንበት ስትወጣ ማስረጃውን አቃጠልሁ።

እሑድ ጠዋት ጊዲ ከወረቀቶቹ አንዱን ይዞ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። ዓርብ አመሻሹ ላይ ወረቀቶቹን ተቀብሎ ሄዷል፤ ሟቹ የክበቡ አባል ስለነበር አንዱን ወስዶ ወደ ቤቱ በሯል፤ ቅዳሜ በዚያው ወረቀት መጣ። አውሮፕላኑ ውስጥ መርፌ ያላት መሣሪያ አልነበረችም። ከሥዕሉም ቢሆን ማወቅ ነበረበት ያሉ አብራሪዎች በኋላ ነበሩ። ይህን ለማለት መብቱ የእነሱ ነው፤ የእኔ አይደለም።

ያኮቭ ሁለታችንን ከጠረጴዛው ፊት አቆመን።

«ለጥፈሻታል?» አላት ማዛልን።

«ለጥፌያታለሁ። በዚህ ጣቴ ተጭኛታለሁ።»

ወደ እኔ ዞረ። «ስታዪው ነበረች?»

እነሆ ሰዓቱ። ከሰንበት ወጥተናል፤ ስልክ አያስፈልግም፤ አውቶቡስ አያመልጠኝም። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የምትፈለገው።

«ነበረች» አልሁት። «አይቻታለሁ።»

እኔ አይቼ ከወጣሁ በኋላ ገጹን ወደ ካሜራ የወሰደችው ማዛል ናት። ስለዚህ የጣለችው ማዛል ሆነች። ያኮቭ ገና አፉን ሳይከፍት ማዛል ራሷ ተናገረች። ትጮኽብኛለች፣ ትዋሻለች ትለኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር።

«እንግዲያው ከእኔ እጅ ነው የወደቀችው» አለች። «ዘውዲ አትዋሽም። ሻባትን እንደ እሷ የሚጠብቅ ሰው አይዋሽም።»

ይህን አለች። በሕይወቴ ከሰማሁት ሁሉ ያስደነገጠኝ ይህ ነው፤ ከሞተሩ መቆምም ይልቅ። አመነችኝ። ራሷን ከማመን እኔን ማመን ቀለላት። ያን ጊዜ «ማዛል፣ ዋሸሁ» ብል ምን እሆን ነበር? እባረር ነበር። ከዚያ የበለጠ ምን? ዝም አልሁ። ዝምታዬም የሐዘን መሰላቸው።

ማንም አላባረራትም። ምላጯን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ሽርጧን አጥፋ ወጣች፤ ተመልሳም አልመጣች። ከመሀል ከተማው ቢሮዎች ወለል ስትጠርግ ኖረች። ምላጯን ያኮቭ ለእኔ ሰጠኝ። ተቀበልሁት። ጡረታ እስክወጣ በእሱ ቆረጥሁ።

በሰባቱ የለቅሶ ቀናት ማዛል ወደ ሟቹ ቤት ልሂድ አለች። «ብቻዬን አልችልም፤ ነይ» አለችኝ። በአውቶቡስ እየሄድን እጄን ይዛ «ወድቃ እንደሆነ ባውቅ በሻባት እደውል ነበር» አለችኝ። «ነፍስ ለማዳን ሻባት ይሻራል፤ ታውቂያለሽ አይደል?» አላውቅም ነበር። አለማወቄን ግን ሰበብ አድርጌ አልጠቅሰውም፤ እሑድ ጠዋት ሰንበት አልነበረም።

ሚስቱ ዝቅ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ወታደሯ ልጅ ከአጠገቧ። ማዛል ፊታቸው ቆማ «ወረቀቱን የለጠፍሁት እኔ ነኝ፤ መስመሯ ከእጄ ወድቃለች» አለች። ሴትዮዋ ረዥም ጊዜ አየቻት። አልሰደበቻትም፤ ይቅርም አላለቻትም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ይቺስ?»

«ይቺ ጓደኛዬ ናት» አለች ማዛል። «ብቻዬን እንዳልሆን ብላ ነው።»

ልጅቱ ተነሥታ ውኃ አመጣችልኝ። ብርጭቆውን በሁለት እጄ ተቀብዬ ጠጣሁ። ያን ውኃ እንዴት ዋጥሁት? እስከዛሬ አይገባኝም።

ከዚያ ወዲህ ማዛል በየዓመቱ በአስተሰርዮ፣ በዓመቱ የንስሓ ጾም፣ ዋዜማ ቤቴ ትመጣ ነበር። ከጾሙ በፊት ሰው ከሰው ይቅርታ መጠየቅ ወግ ነው። «ካስቀየምሁሽ ይቅር በይኝ» ትለኛለች። እኔን! ከዚያ ተነሥታ በሩ ላይ ስትደርስ ትዞርና ያችኑ ጥያቄ ትጠይቀኛለች።

«ዘውዲ፣ ያን ጊዜ በደንብ አይተሻት ነበር አይደል?»

«አይቻታለሁ።»

«እሺ» ትላለች። ጥርጣሬዋ እንኳ እንዲያሳርፋት አልፈቀድሁላትም። «እንጃ፣ ረሳሁት» ማለት እችል ነበር፤ ያን ያህል እንኳ አልለቀቅሁላትም። ከዚያ እኔ ነጭ ለብሼ ወደ ጸሎት እሄዳለሁ። እጾማለሁ። ስለ ኃጢአታችን ደረቴን ከሰው ጋር እመታለሁ።

ባለፈው ክረምት ማዛል ታመመች። ልጆቿ አስጠሩኝ። አልጋዋ አጠገብ ተቀመጥሁ። እጄን ያዘችና ዓይን ዓይኔን አየችኝ፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ አልጠየቀችኝም። ጥያቄው እንደማይመጣ ባወቅሁ ጊዜ እፎይ አልሁ። ሰው እየሞተ እፎይ አልሁ። ማን እንደሆንሁ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። በማግሥቱ ሞተች።

በለቅሶዋ ቤት ልጇ «እናታችን አንድ ሰው በእጇ እንደሞተ አምና ነው የኖረችው፤ እርስዎ ብቻ ነዎት ያልራቋት» ብላ ሳመችኝ። ለእሷም አልነገርሁም። ይህን ጽሑፍ ግን መጀመሪያ የምሰጠው ለእሷ ነው፤ ከእሷ በኋላ ለወታደሯ፤ ዛሬ እሷም ልጆች አድርሳለች።

ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም፤ የእናንተ አይደለም። ሊሰጡኝ ከሚችሉት አንዱ ደመና ውስጥ ቀረ። ሌላዋ በየዓመቱ በሬ ላይ ቆማ አንድ እውነት ስትለምነኝ ኖራ፣ ባዶ እጇን ሸኝቻታለሁ። ዘግይቶም ቢሆን መልሷን እዚህ አስቀምጣለሁ።

ማዛል፣ አላየኋትም።